እፉኝት እናቱን አይገድልም

ልጅ ወላጁን ሲበድል፣ ሰው ያሳደገውን ሲክድ በአገራችን ምን ይባላል? «እፉኝት!» ይባላል። የስድቡ መነሻ ከጥንት ጀምሮ ሲወራ የኖረ አንድ ወሬ ነው። እፉኝት ሲወለድ የእናቱን ሆድ ቀዶ፣ እርሷንም ገድሎ ነው የሚወጣው ይባላል። ተወልጄ ባደግሁባት በአንጋጫም፣ ኋላ በኖርኩባት በአዲስ አበባም ሰምቼዋለሁ። እናንተም ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ግን እውነት ነውን?

እውነት አይደለም። አብዛኞቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ። በአገራችን በስፋት የሚገኘው ወፍራሙ እፉኝት ግን እንቁላሉን በሆዱ ውስጥ ይዞ ያሳድጋል፣ ጊዜው ሲደርስም ሕያው ልጆች ይወልዳል። ልጆቹ የሚወጡት በስስ ሽፋን እንደተጠቀለሉ ነው፤ ወዲያውም ሽፋኑን ቀደው ይሄዳሉ። የሚቀደደው ያ ስስ ሽፋን ነው እንጂ የእናት ሆድ አይደለም። እናቲቱም ወልዳ በሰላም ትኖራለች፣ ደግማም ትወልዳለች። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 መውለድ የተለመደ ነው። ከኬንያ የመጣች አንዲት እፉኝት በቼክ አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ 156 ልጆች በአንድ ጊዜ መውለዷ ተመዝግቧል። ምናልባት የጥንት ሰዎች እርጉዝ እፉኝት መትተው ሆዷ ሲፈነዳ ልጆቹ ሕያው ሆነው ሲወጡ አይተው ይሆናል። ገዳዩ ሰው ሆኖ ሳለ ወንጀሉ ለልጆቹ ተሰጠ።

የእፉኝት ልጅ ሲወለድ ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ጥርሱም መርዙም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮት አለ። ስለዚህ «ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብሎ ልጆችን ማስጠጋት ትልቅ አደጋ ነው። እናት አታጠባው፣ አታበላው። ራሱ አድኖ ይበላል፣ ያድጋል፣ የጠበበውን ቆዳ እየጣለ አዲስ ይለብሳል። ቆዳውን ሊጥል ሲቃረብ ዓይኑ በጭጋግ እንደተሸፈነ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ አጥርቶ አያይም፣ መደበቅም ያበዛል። ሙሉ ሲሆን አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰውነቱ እንደ ሰው ክንድ ወፍራም፣ ራሱ ጠፍጣፋና ሰፊ፣ ጀርባው ላይ እንደ ቀስት ጫፍ የተደረደረ መስመር ያለው ነው።

የእፉኝት ዘመዶች በብዙ የዓለም ክፍል ይገኛሉ። በአገራችን ብቻ የሚኖሩም አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ የሚኖር አንድ እፉኝት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ሌላው ደግሞ ከባሌ የሐረና ደን እ.ኤ.አ. በ2016 ለሳይንስ ዓለም ተመዝግበዋል። ከካናዳ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድር ደግሞ ጅራቱን የሚያንቋቋ ዘመድ አለ። በጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር ባለ ነገር የተሠሩ ቀለበቶች አሉት። አደጋ ሲመጣበት በሴኮንድ ከ50 ጊዜ በላይ ያርገፈግፋቸዋል። ቆዳውን በጣለ ቁጥር አንድ ቀለበት ይጨምራል። የዚያ አገር ሰዎችም ቀለበቱን ቆጥረው ዕድሜውን እናውቃለን ይላሉ። እርሱም ስህተት ነው፤ ምክንያቱም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ቆዳውን ይጥላል፣ የጫፉ ቀለበትም ይሰበራል። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። የዚህ እባብ እናት ልጆቿ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ ድረስ ለቀናት አብራቸው ትቆያለች። በእኛ አገር እናት ገዳይ የተባለው ወገን፣ በዚያ አገር እናቱ ስትጠብቀው ይታያል!

የእኛ እፉኝት የሚንቋቋ ጅራት የለውም። ማስጠንቀቂያው እስትንፋሱ ነው። ሰውነቱን ነፍቶ፣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ያወጣል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ባለበት ይቁም፣ ቀስ ብሎም ወደ ኋላ ይመለስ። ሁልጊዜ ግን አያስጠነቅቅም። ብዙ እባቦች ኮቴ ሲቀርባቸው ይሸሻሉ። እፉኝት ግን መልኩን ተማምኖ ባለበት ይተኛል። መልኩ ደረቅ ቅጠልና አፈር ይመስላል። ሽታውም ቢሆን አያጋልጠውም። በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ የሠለጠኑ ውሾች እየዞሩ የሚያድኑ እባቦችን ሽታ ሲለዩ የሕያው እፉኝትን ሽታ ግን መለየት አቅቷቸዋል። እንግዲህ ውሻ በአፍንጫው ያላገኘውን እኛ በጨለማ በባዶ እግራችን እናገኘዋለን። አብዛኛውን ሰው የሚነድፈው አሳድዶ ሳይሆን ተረግጦ ነው።

አሁን ወደ አንጋጫ ልውሰዳችሁ። አገሩ ከፍ ያለ ነው። ከአምበሪቾ ተራራ የሚወርደው ብርድ እባብ እንዳይበዛ ያደርጋል፤ ወደ ብላቴ ቆላ ሲወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሆኖም በደጋውም ቢሆን ቤታችን የቆመው እንሰት መሐል ነው። የእንሰት ደረቅ ቅጠል ተንጠልጥሎ መሬት ይነካል፣ ሥሩ ቀዝቃዛና ጥላ ነው። የቆጮ ጉድጓድ አለ፣ እህል አለ። እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ ይመጣል። እባቡ እኛን ፈልጎ አልመጣም፤ የመጣው እህላችንን የሚፈጀውን አይጥ ፈልጎ ነው። እናቴ እንሰት ውስጥ ከመግባቷ በፊት በረጅም በትር ደረቁን ቅጠል እየመታች ትቆም ነበር። ትንሽ ቆይታ ነው የምትገባው። ማንም አላስተማራትም፤ ከእናቷ ያየችው ነው። ይህ ሥራ ማንኛውም ሐኪም የሚያመሰግነው ጥንቃቄ ነው።

ሁሉም ልማዳችን ግን እንደዚህ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. የጎረቤታችንን ልጅ ሣር ሲያጭድ እግሩን እባብ ነደፈው። በዕድሜ እኩያዬ ነበር። ሰዎች ተሯሩጠው መጡ። ሁሉም የመጣው ሊረዳው ነው። አንዱ ከጉልበቱ በታች በቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ሌላው በምላጭ በጣው። ቅጠል ተቀጥቅጦ ተደረገለት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። በማግስቱ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ሲያደርሱት ገመዱ እንደታሰረ ነበር። ከገመዱ በታች ያለው ሥጋ ጠቁሯል። አላህ ሕይወቱን አተረፈለት፤ እግሩን ግን ቆረጡት። ዛሬም በምርኩዝ ይሄዳል። የእፉኝት መርዝ በራሱ ሥጋ የሚያበላሽ ነው። በዚያ ላይ ደም እንዳይዘዋወር ማሰር ጉዳቱን ያከፋዋል። ከእግሩ የቱን ያህል መርዙ፣ የቱን ያህል ገመዱ እንደወሰደው አላህ ያውቃል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ እባብ የነደፈው ሰው ስታገኙ እነዚህን ነገሮች ያዙ። በመጀመሪያ ከእባቡ አርቁት። እገድለዋለሁ ብላችሁ እባቡን አትከተሉ፤ ሁለተኛ ሰው የሚነደፈው እንዲህ ሲሆን ነው። ቀለበት፣ አምባር፣ ጫማ ካለው እብጠቱ ሳይዘው አውልቁለት። አረጋጉት፣ አስተኙት። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። አትሰሩት፣ አትብጡት፣ መርዙን በአፍ አትምጠጡ፣ ጥቁር ድንጋይም ሆነ ቅጠል አታድርጉበት። በእግሩ አታስኪዱት፤ ተሸክማችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የመርዙ መድኃኒት በመርፌ የሚሰጠው ፀረ መርዝ ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ጥቂት መርዝ ለፈረስ ተሰጥቶ የፈረሱ ደም ከሚያዘጋጀው መከላከያ ይሠራል።

«እባብ የስንት ሰው ጉዳይ ነው?» የሚል ካለ የዓለም ጤና ድርጅትን ግምት ይስማ። በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ። ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱት ይሞታሉ። እግር ወይም እጅ የሚቆረጡትና ቋሚ የአካል ጉዳት የሚያገኛቸው ደግሞ ከሟቾቹ ሦስት እጥፍ ያህል ናቸው። እነዚህም በአብዛኛው ገበሬዎች፣ እረኞችና ልጆች ናቸው። በአገራችንም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ አብደራፊ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ብዙ ይነደፋሉ። ሆኖም ለአፍሪካ ይሠራ የነበረ አንድ የታወቀ ፀረ መርዝ፣ ገዢው ድሃ ስለሆነና ትርፍ ስላላስገኘ፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረቱን አቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ችላ የተባለው በሽታው ብቻ ሳይሆን በሽተኛውም ጭምር መሆኑን ልብ በሉ።

በእኛ በሙስሊሞች ቤት ደግሞ አንድ ልዩ ሰዓት አለ። ለሱብሒ ሶላት የውዱእ ውኃ ይዘን በጨለማ ወደ ደጅ እንወጣለን፤ ወደ መስጂድም በእንሰት መሐል እንሄዳለን። እፉኝትም በሌሊት ተንቀሳቃሽ ነው፣ መንገድ ዳር መተኛትም ይወዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመተኛታችን በፊት መኝታችንን እንድናራግፍ ያስተማሩን፣ በሌለንበት ምን እንደገባበት ስለማናውቅ ነው። በጉድጓድ ውስጥ መሽናትንም ከልክለዋል። ይህ ከ1,400 ዓመት በፊት የተሰጠ ትምህርት ነው። ታዲያ ባትሪ መያዝ፣ ጫማ ማድረግ፣ በቤት ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ ማጽዳት፣ እህልን ከአይጥ መጠበቅ የዚያው ትምህርት ተከታይ ቢሆን ምን ይደንቃል? በታመመ ሰው ላይ ቁርኣን መቅራት መልካም ነው፤ መድኃኒት መፈለግም እንዲሁ ታዘናል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። እየተሸከማችሁት መቅራት ትችላላችሁ!

ጉዳት የሚያደርስ እባብን መግደል የተፈቀደ ነው። ስለ ቤት እባብ የመጡትን ሐዲሦች ዑለማዎቻችን በሰፊው ተንትነዋቸዋል፣ እነርሱን ጠይቁ። እኔ ማለት የፈለግሁት ሌላ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኑር በሆዳቸው የሚሄዱትን ፍጥረታት በሁለትና በአራት እግር ከሚሄዱት ጋር አንድ ላይ ጠቅሷቸዋል። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ የማናውቀውን ነገር እንዳንከተል አስጠንቅቆናል። እናት ይገድላል የሚለው ወሬና ቃጫው ገመድ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ሳይጠየቁ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ናቸው። የመጀመሪያው የእባብን ስም አጠፋ፣ ሁለተኛው የልጅን እግር ቆረጠ። የእናቴ በትርም ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው፤ እርሱ ግን ሲመረመር ልክ ሆኖ ተገኘ። ከወረስነው የቱን እንደምንይዝና የቱን እንደምንጥል የምናውቀው ስንመረምር ነው።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ይህን ንገሯቸው። እንዳይፈሩ ሳይሆን በእውቀት እንዲፈሩ ንገሯቸው። ልጅ ሲያስቀይማችሁም «እፉኝት» ብላችሁ አትስደቡት። እፉኝት እናቱን ገድሎ አያውቅምና።

አላህ እኛንም ልጆቻችንንም ከሚጎዳ ነገር ሁሉ ይጠብቀን። ጠቃሚ እውቀትም ይጨምርልን። አሚን።