ራስ ላይ የሚወጣ ነገር

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን የምናነበው መጽሐፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር። ቃል በቃል ስንተረጉም ግራ ካጋቡን አባባሎች አንዱ «ራሱ ላይ ወጣበት» የሚለው ነው። እንግሊዞች ወይን ጠጅ ጠጥቶ ሞቅ ላለው ሰው እንዲህ ይላሉ። ሹመት፣ ገንዘብ ወይም ጭብጨባ ላኮራው ሰውም ያንኑ ይላሉ። ስካርና ትዕቢት በአንድ አባባል!

የእኛ አማርኛ ግን የሚያብጠው ልብ ነው ባይ ነው፤ «ልቡ አበጠ» እንላለን። ከሁሉ የሚያስደንቀን ደግሞ «ጠገበ» የሚለው ቃላችን ነው። ሆዱ የሞላም ጠገበ፣ ሰው የናቀም ጠገበ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ጎተራው ሞልቶ ጎረቤቱን ሰላም ማለት የተወ ሰው ሲታይ፣ ሽማግሌዎች «ጠግቦ ነው» ብለው ያልፋሉ። ሙሴ በዘዳግም 8 ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው፤ ከምድረ በዳው ረኃብ ይልቅ በከነዓን የሚመጣው ጥጋብ አስፈርቶታል።

ለዚህ ዓይነቱ ስካር ደግሞ የግድ ጠጅ አያስፈልግም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚሁ አገራችን ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከምንጩ በኮኮናት ቅርፊት ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ነገሥታት ከነሠራዊታቸው ያላገኙትን እርሱ በማግኘቱ በልቡ ድል እንደነሣቸው በመጽሐፉ ጽፏል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አይቶት ነበር። ብሩስ ይህን አልቀበልም አለ። (አገሬውማ ከሁለቱም በፊት እዚያው ነበር!) ብርቱ ተጓዥ መሆኑን አንክድም፤ ግን የምንጭ ውኃ ጠጥቶ ሞቅ ያለው ሰው ይመስለናል። ያ ደስታው ብዙም ሳይቆይ ወደ ኀዘን እንደተለወጠበት ራሱ ጽፎታል።

እኛ ወንጌላውያን አረቄ አንቀምስም፤ መልካም ነው። ነገር ግን በመድረካችን ላይ የሚቀዳ ሌላ መጠጥ አለ፤ የማዕረግ ስም፣ እልልታ፣ በባነር ላይ የገዘፈ ፎቶ። ሞቅታው ደስ ይላል። አገልጋዩ «ክብሩ ለጌታ ይሁን» እያለም ሊንገዳገድ ይችላል፤ ሰካራም መቼ ሰክሬአለሁ ይላል? የመጠጥ ሽታም ከጠጪው ይልቅ አጠገቡ ለቆመው ሰው ነው የሚታወቀው። ጌታን ፈልገው መጥተው ከደጃችን የተመለሱ ብዙዎች የሸሹት ይህን ሽታ እንጂ ክርስቶስን አይመስለንም።

በሐዋርያት ሥራ 2 ላይ ሰዎች ጴጥሮስንና ባልንጀሮቹን ጠጥተዋል ብለው አፌዙባቸው። እርሱም ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ነግሮ መለሰላቸው። ምዕራፍ 3 ላይ ግን ከተወለደ ጀምሮ መራመድ ያልቻለው ሰው ድኖ ሲዘል፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሮጠ መጥቶ ዓይኑን በጴጥሮስ ላይ ተከለ። እውነተኛው መጠጥ የቀረበለት ያን ጊዜ ነበር። ጴጥሮስ ግን በራሳችን ኃይል ያደረግነው ይመስል ስለ ምን እኛን ታያላችሁ ብሎ ጠየቃቸውና ስለ ኢየሱስ ይነግራቸው ጀመር።