ቲቸር፣ የትኛውን ልምረጥ?

ዱባይ የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ የሁለት የጤና ኢንሹራንስ ወረቀት በፎቶ ልካ «ቲቸር፣ የትኛውን ልምረጥ?» አለችኝ። አንደኛው አሠሪዋ የሚከፍልላት መሠረታዊው ነው። ሁለተኛው በዓመት 1,500 ድርሃም ከራሷ ጨምራ የምታገኘው ከፍ ያለው ነው። ብሩ ለእናቷ ከምትልከው ላይ ስለሚነሳ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እዚያ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ አስፈቅጃት የመለስኩላትን እዚህ ልጻፈው።

እኛ ቦረና ውስጥ መድን መምረጥ የሚባል ነገር አናውቅም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከዞናችን ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። አባወራው በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ቤተሰቡ ይታከማል። ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከባሰም ወደ ደሴ። የሀብታም ካርድ፣ የድሃ ካርድ የለም። እዚያ ግን መድኑ እንደ አገር አቋራጭ አውቶብስ ደረጃ አለው።

መጀመሪያ መብታችሁን እወቁ። በዱባይ ሕግ (እ.ኤ.አ. 2013፣ ቁጥር 11) የሠራተኛውን መድን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም። ሻርጃና አጅማን ላላችሁም ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ መድን ግዴታ ሆኗል፤ መሠረታዊው በዓመት 320 ድርሃም ነው። «ለካርድ ነው» ተብሎ ከተቆረጠባችሁ ዝም አትበሉ።

ቀጥሎ ሂሳቡን ሥሩ። የዱባዩ መሠረታዊ ፕላን በዓመት እስከ 150,000 ድርሃም ይሸፍናል፤ ለተመላላሽ ሕክምና ግን 20 በመቶውን ታካሚው ይችላል። እንበልና በዓመት አራት ጊዜ ታመምሽ፣ በየጊዜው 200 ድርሃም ተጠየቀ። ያንቺ ድርሻ 40፣ አራት ጊዜ 160። ለመድኃኒት የምትከፍይውን ብትጨምሪበት እንኳ ለጤነኛ ሰው 1,500 መጨመር አያዋጣም።

የሚያዋጣው መቼ ነው? ስኳር፣ አስም፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ወይም ልጅ ልትወልድ ያሰበች ሴት ሌላ ሂሳብ አላት። እነዚህን ጠይቁ፦ ለነባር በሽታ የመጠበቂያ ጊዜው ስንት ወር ነው? ለወሊድ ጣሪያው ስንት ነው? የምኖርበት ሰፈር ያለው ክሊኒክ ካርዱን ይቀበላል? የካርዱ ቀለም ቢያምር ቅርብ ያለው ክሊኒክ ካልተቀበለው ምን ይረባል! ነባር በሽታም አትደብቁ፤ ኋላ ሲታወቅ አልከፍልም ሊባል ይችላል። ደግሞም ካርዱ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አሠሪ ስትቀይሩ መቋረጡን አስቡ።

ተማሪዬ ጤነኛ ናት። መሠረታዊው ይብቃሽ አልኳት። ግን 1,500ውን በሙሉ ወደ ቤት እንዳትልኪ፣ ለሕመም ቀን በስምሽ አስቀምጪ ብያታለሁ።

አገር ቤት ላለነውም አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ሲደውሉ «ላኪ» ከማለታችን በፊት «ታመሽ ታውቂያለሽ? የት ታከምሽ?» እንበል። ብዙዎቹ ቁርጠቱን በክኒን አስታግሰው ነው የክረምቱን ማዳበሪያ የሚልኩልን። የላኪዋ ጤና ከታጣ የሚላከውም ይቀራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ልጃችን ናት።