ከጅቡቲ ባሕር ዳር እስከ አቤ ሐይቅ

ክቡራን አንባቢዎቻችን ከቤተ ሰባቸው ጋራ ባሕር ለማየት ባሰቡ ጊዜ፥ በባቡር የሚደረስበት ጠረፍ የጅቡቲ ጠረፍ ነው። የቀድሞው ሐዲድ ከዚያ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፥ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር፤ በእርሱ ፈንታ የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በ2010 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀመረ። እኛም በጥር ወር ከልጆቻችን ጋራ ወርደን ያየነውንና ስለ ፎቶግራፍ ማንሣት የተማርነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች እንጽፋለን።

ከሁሉ በፊት ወራቱን መምረጥ ይገባል። በእኛ ክረምት የዚያ አገር ሐሩር ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ይዞ መሄድ አይመከርም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ይለዝባል። ደግሞም ወደቡን፥ የጦር ሰፈሩንና አውሮፕላን ማረፊያውን ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ነውና፥ በከተማው ውስጥ ሳሉ መሣሪያውን ከማኅደሩ አለማውጣት ይሻላል።

ከከተማው ወደ ምዕራብ በአውቶሞቢል 120 ኪሎሜትር ያህል ሲሄዱ አሳል ሐይቅ ይገኛል። ከመድረሱ በፊት በስተቀኝ ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይታያል፤ ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ፥ ውኃው ጥልቅ ሰማያዊ ነው። በጉቤትና በአሳል መካከል ያለው ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ሲሆን፥ አርዱኮባ የሚባለው ስፍራ በ1971 ዓ.ም. ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ቅልጥ ድንጋይ አፍስሷል። አሳል ራሱ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፥ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ የጠለቀው ስፍራ ነው። የባሕሩ ውኃ በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ወደዚህ ይወርዳል፤ ፀሓይም ውኃውን እያተነነች ጨዉን ትተወዋለች። ጨውነቱም ከባሕር ውኃ ዐሥር እጥፍ ያህል ነው።

በዚህ ስፍራ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው መሣሪያውን አይመን። መሣሪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ነው ብሎ ስለሚገምት፥ በረዶ የመሰለውን ጨው አመድማ አድርጎ ያወጣዋል፤ ስለዚህ እርሱ ከሚጠይቀው በላይ ብርሃን ማስገባት ያስፈልጋል። በእጅ ስልክ የሚያነሡትም ብርሃን የሚጨምረውን ምልክት በጣታቸው ከፍ ቢያደርጉት ይሆንላቸዋል። በቀትር ጥላ ስለሌለ ተራራውም ጨዉም እንደ ተዘረጋ አቡጀዲ አንድ ገጽ ይሆናሉ፤ ከጧቱ በ1 ሰዓት ግን ጥላው ረዝሞ የጨዉ ቅርፊት አንድ በአንድ ይለያል።

በሐይቁ ዳር ጨው የሚሸጡ የአፋር ሰዎች አሉ፤ አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ከዚህ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ ሲነግዱ ኖረዋል። ከነርሱ አንዱ ጺማቸው የሸበተ አባት መሣሪያችንን አይተው፥ በአስተርጓሚያችን አፍ «ፊቴን ወስዳችሁ የት ታኖሩታላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የሚገባ ነው። እኛም ዘመናችንን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ስላሳለፍን፥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተወሰደ ነገር ምን እንደሚባል እናውቃለን። በቤታችን ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀልና ልጆቻችን ጨው በምን ድካም እንደሚገኝ እንዲያዩበት እንደ ሆነ ነገርናቸው። ጥቂት አስበው፥ «ይሁን፤ ነገር ግን ስሠራ እንጂ ቆሜ አይሁን፤ ለእኔም አንድ ላኩልኝ» አሉ። ሥዕሉን አሳትመን በአስተርጓሚው እጅ ልከንላቸዋል። አጠገባቸው የተቀመጡት እናት ግን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የጧቱ ብርሃን ከሁሉ ይልቅ በርሳቸው ላይ ያምር ነበር፤ ተውነው።

መንገዱ ከአሳል ወደ ሰሜን ዞሮ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ወዳሉባት ወደ ታጁራ ያደርሳል። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የተነሣው ከዚህች ከተማ ነበር። ከተማይቱን ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ከጀልባ ላይ ማንሣት መልካም ነው።

ከጠረፉ ርቆ ለመሄድ ጊዜ ያለው ሰው በዲኪል በኩል እስከ አቤ ሐይቅ ይዝለቅ። ከጊንጪ አጠገብ የሚነሣው አዋሽ 1,200 ኪሎሜትር ያህል ተጕዞ፥ ባሕሩን ሳያይ በዚህ ሐይቅ ያልቃል። በዳርቻው እንደ ጪስ መውጫ የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ ከነርሱም እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ ይገኛሉ። ከአንዳንዶቹ የሚወጣው እንፋሎት የሚታየው አየሩ ሳይሞቅ ነውና፥ በዚያው አድሮ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ያስፈልጋል። ፍላሚንጎ የሚባሉት ረዣዥም እግር ያላቸው ወፎችም በጥልቁ ሳይሆን በዳሩ ውኃ ስለሚመገቡ፥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ይታያሉ።

ቀንና ስፍራ ያልተጻፈበት ሥዕል፥ ቀን እንደሌለው የምስክር ቃል፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያጣላል። ስለዚህ ልጆቻችን ቀድሞ በሶደሬ ያነሡትን አዋሽና አሁን በአቤ ያነሣነውን በአንድ ገጽ ለጥፈን፥ ቀኑንና ስፍራውን ከሥራቸው ጽፈናል። በሶደሬው ላይ ውኃው ድንጋይ እየመታ ይዘላል፤ በአቤው ላይ ወፎቹ ቆመውበታል።