ከማማው እስከ መፈተኛው ወንበር

ከሸዋ ሮቢት፤ በመምህርነት ሥራ ለመሰማራት ከወላጅ ቤት ለምትወጣው ልጅ፣ ከአባቷ።

ይህ ደብዳቤ የሚጻፍላት ልጅ እስከ ትናንት ተፈታኝ ነበረች፤ ከነገ ጀምሮ ግን ፈታኝ ትሆናለችና፣ ብልህነት፣ የቤተሰብ ሀብትና አስተዳደግ በአንድ የመልስ ወረቀት ላይ እንዴት ተደባልቀው እንደሚገኙ አስቀድማ ልትመረምር ይገባታል።

የአእምሮ ብቃት መለኪያ የሚባለው፣ የማስተዋልንና የማገናዘብን ችሎታ በቁጥር ለመግለጽ የሚሞክረው ፈተና፣ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ በአልፍሬድ ቢኔና በቴዎዶር ሲሞን ሲዘጋጅ ዓላማው በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ሕፃናት ለይቶ መርዳት ነበር፤ ቁጥሩን የተፈጥሮ ልክ አድርገው የተረጎሙት ኋላ የመጡት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ካርል ብሪገም በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ስደተኞችን በዘር አበላልጦ ነበር፤ በ1930 ግን በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን በእንግሊዝኛ ፈትኖ ከሌላው ጋር ማወዳደር እንደማያስኬድ አምኖ ድምዳሜውን ሽሯል። ምሁር የጻፈውን በአደባባይ ሲሽር ብዙ ጊዜ አይታይምና ይህ ሊመሰገንለት ይገባል፤ ጉዳቱ ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ነገሩ ሸዋ ሮቢት ለምትገኝበት ለይፋት ቆላ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በዚያው ቋንቋ ስለሚቀርብ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለተማረው የአዲስ አበባ ልጅ የባዮሎጂ ጥያቄ የሆነው ለቆላው ልጅ አስቀድሞ የቋንቋ ጥያቄ ይሆንበታል። በዚያ ላይ ማሽላው ፍሬ በሚይዝበት ወራት ይህ ልጅ ጎሕ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ የወፉን መንጋ ሲመልስ ይውላል፤ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬም ሲደርቅ በፀሐይ እየፈነዳ ስለሚረግፍ በማለዳ መለቀም አለበት፤ ትምህርቱ ግን እርሱን አይጠብቅም። ድንጋዩ ከወንጭፉ በየትኛው ቅጽበት ቢለቀቅ የት እንደሚያርፍ እጁ የሚያውቅ ልጅ፣ ስለ ክብ እንቅስቃሴ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል።

ሆኖም ድህነት ያለውን ችሎታ የሚሸፍን መጋረጃ ብቻ ነው ማለትም ራስን ማታለል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ መቀንጨር ማለት በረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት የተነሣ ቁመት ከዕድሜ በታች መቅረት ሲሆን፣ ጉዳቱ ወደ አእምሮ እድገትም ይዘልቃል።

ይህ ማለት ግን የወደቀ ሁሉ ችሎታ የለውም ማለት አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ብልህ ልጅ አልተገኘም የሚል ሰው ካለ፣ መመርመር ያለበት የራሱ አስተሳሰብ ነው።

ከዚህ ተነሥታ ግን ፈተናው ይላላ እንዳትል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች እንዲፈተኑ የተደረገው ኩረጃ ስለ በዛ ነው፤ መልስ የሚሸጥበት ፈተና ደግሞ የሚያደላው ገንዘብ ላለው እንጂ በኩራዝ ላጠናው አይደለም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት መስጠት ፍትሕ ነው፤ ከወረቀቱ የተገኘውን ቁጥር የልጁ አእምሮ ስፋት ነው ብሎ ማንበብ ግን ግፍ ነው።

ልጅቱ ራሷ ማማ ላይ አልወጣችም። አባቷ ደመወዝተኛ በመሆኑ የማታ መብራትም መልመጃ መጽሐፍም አላጣችም፤ ውጤቷ የገዛ ድካሟ ቢሆንም መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎላት ነበር፤ ይህ የሚነገራት እንድታፍር ሳይሆን ሒሳቡን እንድታውቀው ነው።

እንግዲህ በአንድ ልጅ የውጤት ካርድ ላይ «ሰነፍ» ብላ ከመጻፏ በፊት የጥቅምትንና የኅዳርን የስም መጥሪያ ትግለጥ፤ የቀረባቸውንም ቀኖች ትቁጠር፤ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ያመለጠውን ምዕራፍ ከሰዓት አስቀርታ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላም በእንግሊዝኛ ታስረዳው።