ፍሙ ደጅ ይደር



የቆቦን ሰው ስለ ብርድ ተናገር ቢሉት መሳቁ አይቀርም። እኛ ባልና ሚስት ተወልደን ያደግንበት የራያ ቆላ ፀሐዩ የሚያነድ፣ በሙቀት ወራት አልጋ ደጅ አውጥተው የሚተኙበት አገር ነው። ማገዶም ለእኛ የእንጀራ ምጣድና የቡና ጀበና ጉዳይ ነበር። ከዞብል ተራራ በኩል በሴቶችና በአህያ ጀርባ የሚመጣው እንጨት፣ ከአዝመራ በኋላ የሚከመረው የማሽላ አገዳ፣ ሁሉም ለማብሰያ እንጂ ቤት ለማሞቅ ይነዳል ብለን አስበን አናውቅም።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ የመምህርነት ሥራ ወደ ጋሸና ወሰደን። ልጃችን ያን ጊዜ ገና አምስት ወሯ ነበር። ከወልድያ ተነስቶ የድልብን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሁሉ አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ስትሆን ጋሸና ወደ 3000 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ9 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህን ስሌት በክፍል ውስጥ እናስተምረዋለን፤ በአጥንታችን ያወቅነው ግን እዚያ ነው።

ብዙ ሰው ብርድ ሲባል የሚታየው በረዶ የለበሰ የውጭ አገር ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለው በረዶ አልፎ አልፎ የሚታየው እንደ ራስ ደጀን ባሉ የሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ ነው። የወሎ ደጋ ብርድ ግን በረዶ መጣል አያስፈልገውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ቀን የሞቀችውን ሙቀት ሌሊት ታጣለች፤ ሲነጋም ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይገኛል። ለሱብሕ ሶላት ውዱእ ለማድረግ ስንወጣ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ስስ በረዶ ለብሶ ያገኘንባቸው ቀናት ነበሩ።

የጎረቤቶቻችን ቤት የሣር ክዳን ነበር። በቤቱ መካከል ኩበትና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይነዳል፤ ቤተሰቡም ዙሪያውን ተቀምጦ ያመሻል። ጭሱ ዐይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፤ ሲበዛ ደግሞ ተነስቶ በር ያስከፍታል። እኛ ይህን ጭስ ሸሸነው። የተከራየናት ክፍል ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮርኒሷም ከተሰፋ ማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ነበር። የመስኮቱን ስንጥቅ በወረቀት ለጠፍነው፤ የበሩን ሥር በአሮጌ ጨርቅ ወተፍነው። ከቆቦም እናታችን አንድ ማዳበሪያ የግራር ከሰል ላኩልን። «ይህ ጭስ የለውም፣ ልጃችሁን አሙቁበት» የሚል መልእክት ነበረበት። የላኩት በፍቅር ነበር፤ የተቀበልነውም በደስታ።

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ብርዱ ጠና። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን ፍም ሆኖ ሲቀላ ወደ ውስጥ አስገባነው፤ ከአልጋው አጠገብ አስቀምጠን በሩን ቀረቀርን። ክፍሏ እንደ ቆቦ ሞቀች። ልጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታለቅስ ተኛች። እኛም «አልሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬስ አገራችን ገባን» ተባብለን ተኛን።

ከሌሊቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ አናውቅም፣ የልጃችን እናት ጡት ልታጠባ ነቃች። ራሷ ሊፈነዳ ደርሷል። ልጅቷን ብታነሳት እንደ ጨርቅ ተዝለፈለፈችባት፤ ጡት ብትሰጣት አልጎረሰችም። ተጣራች። አባትየው ድምፁን ይሰማል፣ አካሉ ግን አልታዘዝ አለው። እርሷ ልትቆም ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ ልጇን አቅፋ በዳዴ ሄዳ የበሩን መቀርቀሪያ ሳበችው። ያ የምንሸሸው ቀዝቃዛ አየር ሲገባ አባትየውም እየተንገዳገደ ተከተላት። ደጅ ላይ ሁለታችንም አስመለሰን።

ጩኸታችንን የሰሙት አዛውንት ጎረቤታችን ኩራዝ ይዘው ደረሱ። «ምነው ልጆቼ፣ ፍም ታቅፋችሁ ተኛችሁ?» አሉ። ልጅቷን ከእጃችን ተቀብለው በጋቢያቸው ጠቀለሏት፤ ፊቷን ብቻ ለነፋሱ ገልጠው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። ያችን የጥበቃ ጊዜ መናገር ይከብደናል። ልጃችን ስታለቅስ ስንሰማ ግን እኛም አብረን አለቀስን። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ አላህ (ሱ.ወ.) አተረፋት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምንጽፈው ስለ ብርዱ ብቻ አይደለም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የሚያሳፍረን ሌላ ነገር ስላለ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ፍሙ መቅላቱ ጋዙን አያስቀረውም። አባትየው ይህን በኬሚስትሪ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎችን ፈትኗል!

በልጅነታችንም ቆቦ መድረሳ ውስጥ ከሸኻችን እግር ሥር ቁጭ ብለን፣ በመዲና ሌሊት ቤት በሰዎቹ ላይ መቃጠሉን፣ ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) እሳት ጠላት መሆኑን አስታውሰው ከመኝታ በፊት እንዲጠፋ ማዘዛቸውን ተምረናል። ሐዲሡ በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ የተዘገበ ነው። እኛ ለቃጠሎ ብቻ መስሎን ነበር። ትእዛዙን ብንፈጽም ኖሮ ከማናየው ጋዝም በተጠበቅን ነበር። ከመድረሳም ከትምህርት ቤትም ያገኘነው ዕውቀት በአእምሯችን ነበር፤ ፍሙ ግን በአልጋችን አጠገብ። ያልሠሩበት ዕውቀት ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ቆቦ ተመልሰናል፤ ልጃችንም ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሙቀት ባለበት አገር ይህ ምን ያገባናል የምትሉ አትጠፉም። የአራስ ቤታችንን ተመልከቱ። ነፋስ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፤ ከሰልና ዕጣን በውስጡ ይጨሳል፤ እናትና ጨቅላ በዚያ ይውላሉ፣ ያድራሉ። ልጆቻችንም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ወጥተው በጠባብ ክፍል ሲከራዩ፣ የክረምቱን ብርድ በከሰል ሊያሸንፉ ይሞክራሉ። ጭስ የሌለው እሳት ጉዳት የሌለው ይመስላቸዋል። የእንጨትና የኩበት ጭስም ቢሆን ደኅና አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ልዩነቱ ጭስ አስለቅሶ ያስጠነቅቃል፤ ፍም ግን አስተኝቶ ይወስዳል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በጋሸና የቀረውን ብርድ እንዲህ አሳለፍነው። እሳቱን በማታ በሩን ገርበብ አድርገን እንሞቃለን፤ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጥተን ፍሙን በአመድ እናዳፍናለን። ከምንጣፉ ሥር ገለባ ጎዘጎዝን፤ በላዩ አጎዛ አነጠፍን። የፈላ ውሃ በትንሽ ጀሪካን ሞልተን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከእግራችን ሥር እናደርጋለን። የመስኮቱንም ወረቀት በእጃችን ቀደድነው። እንደ ቆቦ አልሞቀንም፤ ግን በየሌሊቱ ስንነቃ የልጃችንን ትንፋሽ እንሰማ ነበር።

ከሰል ይዞ የተኛ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማው ሎሚ ማሽተት ወይም ወተት መጠጣት አያድነውም፤ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ ወደ ሐኪምም ይሂድ። እናታችንም ይህን ከሰሙ ወዲህ ለጎረቤት አራስ ከሰል ሲልኩ መልእክታቸውን ለውጠዋል። «አሙቁበት፣ ሲመሽ ግን ፍሙ ደጅ ይደር» ይላሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) ባወቅነው የምንሠራ ያድርገን፤ ቤታችንንም ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።