ለብቻ የመጣ

ዴንቨር ያለው ወገኔ «ስኪ ልሄድ ነው» ሲሉት ይስቃል። «ከመኪናህ ላይ የምትጠርገው በረዶ አነሰህ?» ይላል። እናም ሁለት ዓመት ብቻዬን ተራራ ወጣሁ።

ወደ ላይ የሚያወጣው ወንበር ዘንድ ለብቻው ለመጣ ሰው የተለየ ሰልፍ አለ፤ የጎደለ መቀመጫ ማሟያ ነን። ከማላውቀው ሰው ጋር አሥር ደቂቃ እናወራለን፤ ጫፍ ስንደርስ «መልካም ቀን!» ብሎኝ ይንሸራተታል።

አንድ ቀን ዛፎቹ መሃል ወደቅሁና ጉልበቴ እምቢ አለኝ። «የት ቀረ?» የሚል ሰው እንደሌለኝ ያኔ ገባኝ።

ጥቁር አሜሪካውያን ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ከየከተማው የመጡ የስኪ ክበቦቻቸው አስፐን ላይ ተሰባስበው ነበር። ዴንቨርም ክበብ አላቸውና ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሴትዮ ስለ ችሎታዬ አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ምሳ ከማን ጋር ነበር የምትበላው?» አሉኝ።