«መጡ» እና «መጣ»

በአገራችን «ሜሞሪ» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ለስልክ የምንገዛት ጥፍር የምታህል ካርድ ሜሞሪ ናት፤ ኮምፒዩተር ሲንቀረፈፍም «ሜሞሪው ሞልቶ ነው» እንላለን። ነገሩ ግን ሁለት ነው። ሃርድ ዲስክ መደርደሪያ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተሰጠውን አደራ ይዞ ያድራል። ራም ደግሞ የምንሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ በላዩ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የምንጽፈው እያንዳንዱ ፊደል መደርደሪያው ላይ ከመውጣቱ በፊት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ጠረጴዛው የታመመ እንደሆነ የመደርደሪያው ጤንነት ብቻውን አያድንም።

ራም የሚያስታውስበት መንገድ ያስገርማል። የዛሬው ራም የቆመበትን አሠራር የፈለሰፈው የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። በእያንዳንዷ ጎጆ አንድ ትራንዚስተርና አንዲት እጅግ ትንሽ ካፓሲተር አሉ። ካፓሲተሯ የኤሌክትሪክ ሙላት ከያዘች «አንድ»፣ ባዶ ከሆነች «ዜሮ» ተብላ ትነበባለች። ይሁን እንጂ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ታፈሳለች። በመሆኑም በተለመደው አሠራር እያንዳንዷ ጎጆ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተነብባ እንደገና መሞላት አለባት። የቆሎ ተማሪ ዳዊቱ እንዳይጠፋበት ሌት ተቀን እንደሚደግም ሁሉ፣ ራምም ሳይደግም አያስታውስም።

እንግዲህ ይህ ደጋሚ ሲታመም ምን ይሆናል? ቢረሳ ባልከፋ ነበር፤ የረሳ ሰው «ጠፋብኝ» ይላል። የተሳሳተ ራም ግን ያልተባለውን በሙሉ ልብ ይመልሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም በተካሄደ ምርጫ፣ በብራስልስ ክልል ባለችው በስካርቤክ አንዲት እጩ 4096 ትርፍ ድምፅ ተቆጠረላት። የተጠረጠረው ቁጥሩ ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለሆነ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ሲመረመር ስህተት አልተገኘበትም፤ 4096 ደግሞ በኮምፒዩተር አቆጣጠር የአንዲት ቢት ዋጋ ነው። ባለሙያዎቹ የደረሱበት ግምት አንዲት ቢት በራሷ ከዜሮ ወደ አንድ ተገልብጣለች የሚል ነበር። ያ ማሽን ጤነኛ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ተደናቅፎ ይሆናል። በየቀኑ የሚደናቀፈውስ?

እኔን ይህ ጉዳይ ያገኘኝ በሴት አያቴ ድምፅ በኩል ነው። በ1984 ዓ.ም. በካሴት የተቀረጸ ትረካ ትተውልናል፤ ባላቸው በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምተው እንዴት እንደተመለሱ ይተርካሉ። እኔም ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ከርሜያለሁ። በአንድ ቦታ ላይ «አያትህ ሌሊት መጡ» ይላሉ። ቀደም ብዬ በወረቀት ያተምኩት ቅጂም «መጡ» ይላል። ከወራት በኋላ ከላፕቶፑ ወደ ፍላሽ የተገለበጠው ፋይል ግን «አያትህ ሌሊት መጣ» ይላል። ባላቸውን አንድ ቀን እንኳ «አንተ» ብለው የማያውቁት ሴት በጽሑፌ ውስጥ ባላቸውን አቃለሉ።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ሰንጠረዥ የአንድ ፊደል ሰባቱ ድምፆች ተከታታይ ቁጥር ይዘው ይቀመጣሉ፤ «ጡ»ን ከ«ጣ» የምትለየው አንዲት ቢት ናት። «ሞተ»ን ከ«ሞቱ»፣ «ገደለ»ን ከ«ገደሉ» የምትለየውም እንዲሁ አንዲት ናት። አክብሮታችንም፣ የገዳዩ ቁጥርም በአንዲት የምታፈስ ካፓሲተር ላይ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው።

ላፕቶፑ ሌላም ምልክት ያሳይ ነበር። አንድ ቀን በሰማያዊ ገጽ ላይ ይቆማል፤ በማግስቱ ትናንት የተከፈተውን ፋይል «ተበላሽቷል» ይላል፤ እንደገና ሲሞከር ይከፍተዋል። የታመመ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በታመመበት ቦታ ያነክሳል። የታመመ ራም ግን ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው።

ያሳየሁት ወጣት ጠጋኝ ከፍቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ራሙ አንሶታል፤ አሥራ ስድስት ብናደርግለት ይፈጥናል» አለኝ። ምክሩ ከክፋት አልነበረም። ይሁንና ማነስና መታመም ለየቅል ናቸው። ያነሰ ራም ትርፉን ከዲስኩ ጋር እያመላለሰ፣ እየተጎተተም ቢሆን ሥራውን በትክክል ይፈጽማል። የሚዋሸው የታመመው ነው። በእርሱ ላይ ጤነኛ ቢጨመርበት ውሸቱ በሰፊ ግቢ ውስጥ መደበቂያ አገኘ እንጂ አልጠፋም።

«መጀመሪያ እንመርምረው» አልኩት። ሜምቴስት86+ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ጫነልኝ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ ነው፤ ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ራሱ የራሙን ከፊል ስለሚይዝ ሁሉንም ጥግ መፈተሽ አይቻልምና። ፕሮግራሙ በየጎጆው አንድ ነገር ይጽፋል፤ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ካልተስማሙ በቀይ ይመዘግባል። አንድ ዙር ስለማይበቃ ማሳደር ያስፈልጋል። ሌሊቱን መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ባትሪው ታደገን። ሲነጋ ገጹ በቀያይ መስመሮች ተሞልቶ አገኘሁት።

ይህ ግን ፍርድ አልነበረም፤ ክስ ነበር። ላፕቶፑ ባለ አራት ጊጋባይት ሁለት ራሞች ነበሩት፤ ጥፋቱ የአንደኛው፣ የሁለቱም ወይም የማስገቢያው ሊሆን ይችላል። ወጣቱ የራሞቹን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ አሻሸ፤ ከዚያም አንዱን ብቻውን በአንደኛው ማስገቢያ፣ በማግስቱ በሁለተኛው፣ ቀጥሎም ሌላውን እንዲሁ እያደረግን አራት ሌሊት ፈተንን። አንደኛው በሁለቱም ማስገቢያዎች ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሌላው በሁለቱም ተሳሳተ። ማስገቢያዎቹ ነፃ ወጡ።

ከዚህ በኋላ «ምን ልግዛ?» ማለት ይቻላል። ራሙ ስምንት ጊጋባይት ሳለ፣ ሥራዬን ሁሉ ከፍቼ እንኳ ከስድስት አያልፍም ነበር። ስለዚህ አሥራ ስድስት ለእኔ ባዶ ጎተራ ነው። ያንቀረፍፈው የነበረው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነበር። ማሽኑ የሚቀበለው ዲ.ዲ.አር.3 ኤል የተባለውን በ1.35 ቮልት የሚሠራ ራም ብቻ ነው፤ የዲ.ዲ.አር.4 ጥርስ ክፍተት በሌላ ቦታ ስለሆነ እንኳን ሊሠራ አይገባም። ከጤነኛው ጋር የሚመሳሰል አንድ ባለ አራት ጊጋባይት ገዛሁ፤ በተረፈው ገንዘብ ሃርድ ዲስኩን በኤስ.ኤስ.ዲ. ተካሁ። አዲሱም ራም ቢሆን አንድ ሌሊት ተፈትኖ ነው የገባው።

የተመኘሁትን ግን ላገኝ አልቻልኩም። በሰርቨሮች ላይ የሚገጠም ኢ.ሲ.ሲ. የሚባል የራም ዓይነት አለ፤ በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ 64 ቢት 8 ቢት ምስክር ያቆማል። አንዲት ቢት ብትሳሳት ያርማታል፤ ሁለት ቢሳሳቱ ይናገራል። የእኔ ላፕቶፕ ይህን አይቀበልም። ስለዚህ ምስክሮቹን ከማሽኑ ውጭ አቆምኩ፦ ካሴቱን፣ የታተመውን ወረቀት፣ ከሕመሙ በፊት የተገለበጠ አሮጌ ፍላሽ። ፋይሉን ከወረቀቱ ጋር ቃል በቃል ሳመሳክር ሌሎች ሦስት ፊደሎች ተለውጠው አገኘሁ። ለእነዚያ ፊደሎች ተጠያቂው ራሙ ለመሆኑ በችሎት የሚቆም ማስረጃ የለኝም። አያቴ ያሉት ምን እንደሆነ ግን ሦስት ምስክሮች አሉኝ፤ «መጡ» ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሒሳብ ስከፍል ወጣቱ ታማሚዋን ራም ከጠረጴዛው ላይ አነሣና፣ «ይቺን አይጥሏትም አይደል፣ ጋሼ? ትሠራለች እኮ፤ ለሌላ ሰው እንሸጣታለን» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ትሠራለች። ከ34 ቢሊዮን በላይ ከሆኑት ጎጆዎቿ የታመሙት ጥቂቶች ናቸው። የሚገዛት ሰው ምናልባት የሱቁን ሒሳብ ይይዝባታል፤ ምናልባትም የእናቱን ደብዳቤ ይገለብጥባታል። አንዲት ፊደል ብትለወጥበት ካሴት የለውም። ከእጁ ተቀበልኩና ለሁለት ሰበርኳት።

«ገንዘብ ነበረች እኮ፣ ጋሼ» አለ።